ቀኑ ሳይዘጋ የማይታወቅ ቁጥር፦ ለወጣት የሶፍትዌር ባለሙያዎች

ለጀማሪ ባልደረቦቼ፣

ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ሰንጋ ተራ በተደረደሩት የባንክና የኢንሹራንስ ፎቆች ውስጥ ሥራ የጀመራችሁ ልጆች የምታዘጋጁትን የንድፍ ሰነድ ሳነብ አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። ሰነዱ የሌሊቱን ባች፣ ማለትም የቀኑን መዝገብ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ የሚያሰላውን ሥራ፣ «ኋላቀር» ብሎ ይጀምርና ካፍካን፣ ማለትም መልእክቶችን እንደመጡ ተቀብሎ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያስተላልፈውን ሶፍትዌር፣ አምጥቶ ይጨርሳል። ካፍካን አልጠላም። ሊንክዲን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁሉም ክፍት ከሆነ ወዲህ የብዙ ትልልቅ ሥርዓቶች ጀርባ ሆኗል፤ ጥሩ ዕቃ ነው። የሚያሳስበኝ ባቹ ለምን ሌሊት እንደሚሠራ ማንም ሳይጠይቅ መፍረሱ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ የምታሰሉት ቁጥር ሙሉ የሚሆነው መቼ ነው? በዕለቱ መዝጊያ ቀሪ ሒሳብ ላይ የሚታሰብ ወለድ ውሰዱ። ደንበኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ገንዘብ ቢያስገባና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢያወጣ፣ በመካከሉ «የዛሬ መዝጊያ ቀሪ» የሚባል ነገር የለም። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ወለድ የሚያሰላ ፕሮግራም ከሰዓት የሚያፈርሰውን ጠዋት ይገነባል። ደመወዝም እንደዚያው ነው። የሥራ ግብር የሚሰላው በወሩ ጠቅላላ ገቢ ላይ፣ እየጨመረ በሚሄድ ምጣኔ ስለሆነ፣ የትርፍ ሰዓቱና የአበሉ መዝገብ ሳይጠቃለል ትክክለኛው ተቀናሽ አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ሥራ ባች ላይ ያኖረው የቀደሙት ሰዎች ስንፍና አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄ መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። ፒያሳ ሱቅ ውስጥ በቴሌብር የተከፈለው ነጋዴ የስልክ መልእክቱ እስኪደርሰው ዕቃውን ከእጁ አይለቅም። አጠራጣሪ ዝውውርን የሚይዝ ማስጠንቀቂያም በማግስቱ ከመጣ መርዶ እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም። እዚህ ላይ እንደ ካፍካ ያለ የመልእክት ወረፋ፣ መልእክቱን ይዞ ለሚሠራው ፕሮግራም ወዲያው የሚያደርስ፣ ግድ ነው፤ አልከራከርም።

ወረፋ ስትመርጡ ግን አብሮት የሚመጣውን ዕዳ እወቁ። አብዛኞቹ ወረፋዎች በተለመደው አሠራራቸው የሚገቡላችሁ ቃል መልእክቱ «ቢያንስ አንድ ጊዜ» እንደሚደርስ ነው። ፕሮግራማችሁ መልእክቱን ተቀብሎ ከሒሳቡ 5,000 ብር ቀነሰ እንበል። «ተቀብያለሁ» ብሎ ሳይመልስ መብራት ጠፋ ወይም መስመሩ ተቆረጠ። ወረፋው መልእክቱን እንደገና ይልካል፤ ደንበኛው ሌላ 5,000 ብር ይቀነስበታል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ግብይት የማይደገም ቁጥር መስጠት፣ ቁጥሩንም ከቅናሹ ጋር፣ ሁለቱም እንዲጸኑ ወይም ሁለቱም እንዲቀሩ፣ ዳታቤዙ ላይ በአንድነት መመዝገብ፣ ቁጥሩ ሁለተኛ ከመጣ ሒሳቡን ሳይነኩ ማለፍ ነው። ሻጮች «ልክ አንድ ጊዜ» የሚል ተስፋ ይሰጧችኋል። ካፍካ ይህን ችሎታ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለው፤ የሚሠራው ግን ከካፍካ ተነሥቶ ወደ ካፍካ ለሚመለስ ሥራ ነው። የባንኩን ዋና ሒሳብ ወይም የተላከውን አጭር የስልክ መልእክት አይሸፍንም።

ቅደም ተከተልም እንዲሁ። ካፍካ መልእክቶችን በክፍልፋዮች አከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ ተራን የሚጠብቀው ግን በአንድ ክፍልፋይ ውስጥ ብቻ ነው፤ የአንድ ደንበኛ ገቢና ወጪ በተለያየ ክፍልፋይ ከወደቁ ወጪው ቀድሞ ሊነበብና «በቂ ገንዘብ የለም» ሊባል ይችላል። የአንድ ሒሳብ መልእክቶች ሁሉ በአንድ ክፍልፋይ እንዲወድቁ የሒሳብ ቁጥሩን የመደልደያ ቁልፍ አድርጉት። ሊነበቡ ያልቻሉ መልእክቶች የሚጣሉበት ወረፋም ባለቤት ይኑረው፤ በየጠዋቱ የሚከፍተው ሰው ካልተመደበ የደንበኞች ገንዘብ እዚያ ያድራል፣ ይከርማል።

ባችም ቢሆን ቅዱስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 በብሪታንያ የሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ቡድን የሌሊት ሥራዎችን በተራ የሚያስነሣው ሶፍትዌር በማሻሻያ ምክንያት ተበላሸ። ያልተሠራው ሥራ ለቀናት ተከመረ፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተጉላሉ፤ በ2014 ተቆጣጣሪዎቹ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። አንድ የተበላሸ መዝገብ ሙሉውን ሥራ የሚያቆምበት፣ ከወደቀበት የማይቀጥል ባች አደገኛ ነው። በዚያ ላይ በስልክ ባንክ ዘመን ሁሉም የሚተኛበት ሌሊት ቀርቷል።

ስለ ሌሊት ካነሣን አይቀር፣ ሰርቨራችሁ በየትኛው ሰዓት እንደሚቆጥር እዩ። በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተተወ ቀኑን የሚቀይረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተላከ ገንዘብ በትናንት ቀን ይመዘገባል። ባንኮች የሒሳብ ዓመታቸውን የሚዘጉት በፈረንጆቹ ሰኔ 30፣ ማለትም በእኛ ሰኔ 23 ሲሆን፣ የመንግሥት በጀት ዓመት ደግሞ በእኛ ሰኔ 30 ያልቃል። ሁለቱን የሚያምታታ ሪፖርት በብዛት አይቻለሁ። ጳጉሜን የሚረሳ ፕሮግራመር ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ይወለዳል።

በሰነዶቻችሁ ውስጥ የማጣው ትልቁ ነገር ወረፋ የመረጣችሁበት ሥራም ማታ መዘጋት ያለበት መሆኑ ነው። ደንበኛ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላው ሲልክ በቅጽበት ደረሰ ይባላል። ባንኮቹ እርስ በርስ የሚፈላለጉት ገንዘብ ግን በኋላ ተጣርቶ ይዘጋል፤ የራሳችሁ መዝገብም ዝውውሩን በባንኮቹ መካከል ከሚያስተላልፈው ተቋም ከሚመጣው ዝርዝር ጋር መስመር በመስመር መመሳከር አለበት። ይህ ሥራ ባች ነው። ወረፋው የጣለውን ወይም የደገመውን የሚያጋልጠውም እሱ ነው። እንዲያውም ካፍካ ራሱ ከውስጥ ባች ያውቃል፤ ከሜክሲኮ እንደሚነሣ ሚኒባስ ጥቅሉ እስኪሞላ ወይም ጥቂት ሚሊሰከንድ እስኪያልፍ ጠብቆ መላክ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን እንደ ባላጋራ አትዩአቸው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ለሁለቱም ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በቀን ጥቂት መቶ ጥያቄ ለሚያስተናግድ የኢንሹራንስ ካሳ ክፍል፣ በዳታቤዝ ውስጥ ያለ አንድ ሰንጠረዥና በየአምስት ደቂቃው የሚያነበው ፕሮግራም ይበቃል። ካፍካ ከተከላችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ የሚያነሣ፣ ሥራውንም የሚያውቅ ሰው መቅጠር አለባችሁ። አለቆቻችሁ የዚያን ሰው ደመወዝ በሰነዱ ውስጥ ሲያዩ ውይይቱ ይለወጣል።

የሚቀጥለውን ንድፍ ከመጻፋችሁ በፊት ሒሳብ ወደሚመሳከርበት ክፍል ውረዱ። እዚያ ለረጅም ዓመታት የሠራችውን ባለሙያ ጠዋት የመጀመሪያውን ፋይል ስንት ሰዓት ላይ እንደምትከፍትና ካልደረሰ ምን እንደሚቆምባት ጠይቋት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ካለቻችሁ፣ ባቻችሁ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ ማለቅ አለበት፤ ቢወድቅ ከወደቀበት አስነሥቶ ለመጨረስ ጊዜ እንዲተርፍ።