ያገለገለ የጀልባ ሞተር ስለ መግዛትና ስለ መግጠም፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሸራ ጀልባን ያረጀ የውስጥ ሞተር አውጥቶ በሌላ ያገለገለ ሞተር ስለ መተካት የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ በዚህ ዓምድ አንድ ላይ መልሼአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የናፍጣ ሞተሬ ሲሊንደሩ ተሰንጥቆ ከጥቅም ውጪ ሆኗል። አንድ ሰው ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ግን በዕድሜ የሚበልጥ ሞተር ሊሸጥልኝ ነው። ሌላው ደግሞ በተቀራራቢ ዋጋ የሌላ ፋብሪካ አዲስ ሞዴል አቅርቦልኛል። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ሁለቱም በእኩል ይዞታ ላይ ከሆኑ አሮጌውን ይምረጡ። ሞተሩ የሚያርፍባቸው የሁለቱ ወራጆች ርቀት፣ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ከፍታና ዝንባሌ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ ስፋት፣ የነዳጅ መስመሩና የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ የተበጁት ለቀድሞው ሞተር ነው። ሌላ ሞዴል ሲመጣ ወራጆቹን ቆርጦ በፋይበር ግላስ እንደገና መገንባት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህም ሥራ በሁለቱ ሞተሮች መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት በላይ የሚያስወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ካምቢዮው ነው። ዘንጉን ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ እንደሚያዞር፣ ዙሩንም ስንት ለአንድ እንደሚቀንስ ሳይጠይቁ አይግዙ። ሞተሩ 2.6 ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ እንዲዞር የተመረጠ ፕሮፔለር፣ 2 ለ1 በሚቀንስ ካምቢዮ ላይ ሲታሰር በፍጥነት ስለሚዞር ሞተሩን ከዐቅሙ በላይ ይጭነዋል፤ ሞተሩም ጥቁር ጭስ እያወጣ ሙሉ ዙሩ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ የራስዎ ካምቢዮ ደህና ከሆነ ከሞተሩ ጋር አብረው አይጣሉት። የሞዴሉንም ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል ያንብቡ። ለምሳሌ ያንማር 2ጂኤም20 የሚቀዘቅዘው በቀጥታ በባሕር ውሃ ሲሆን፣ 2ጂኤም20ኤፍ ግን በዝግ መስመር በሚዘዋወር ንጹሕ ውሃ ነው። ጨው ለዓመታት ውስጡን ሲበላው የኖረ ሞተር ምን እንደሚመስል ላየ ሰው፣ የዚያች ፊደል ዋጋ ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ ሊያሳየኝ ቀጥሮኛል። ምን ልመልከት?

መልስ፦ በመጀመሪያ እጅዎን በሞተሩ አካል ላይ ያሳርፉ። ሞቅ ብሎ ካገኙት ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነውና ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን ያዛውሩ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ፒስተኑ አየሩን ወደ 20 እጥፍ ገደማ ሲያምቀው የሚፈጠረው ሙቀት ነው። የፒስተኑ ቀለበቶች ወይም ቫልቮቹ ካለቁ አየሩ ስለሚሾልክ ሙቀቱ ይጎድላል፤ ይህም ጉድለት በጉልህ የሚታየው ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። ከተነሣ በኋላ ነጩ ጭስ ሳይጠፋ ከቆየ ያልተቃጠለ ነዳጅ እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይምዘዙና ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየዎት ውሃ ገብቶበታልና ድርድሩን ያቁሙ።

መካኒክ ይዘው ከሄዱ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚያምቁበትን ግፊት፣ ያስለኩ። በብዙዎቹ ትንንሽ የናፍጣ ሞተሮች ከ25 እስከ 30 ባር (የግፊት መለኪያ) መገኘት ይኖርበታል፤ ከቁጥሩ በላይ ግን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። የሚቻል ከሆነ የባሕሩ ውሃ ከጭሱ ጋር የሚቀላቀልበትን ክርን አስፈትተው ውስጡን ይመልከቱ፤ በጥላሸትና በጨው ተደፍኖ ከተገኘ ባለቤቱ ለሌላውም ክፍል ብዙ አልተጨነቀም ማለት ነው። ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳየውን ቆጣሪ እኔ በበኩሌ ብዙም አላምነውም። የሸራ ጀልባ ሞተር ከሥራ ብዛት ይልቅ ሥራ ፈትቶ በመዛግ ነው የሚሞተው።

ጥያቄ፦ ጀልባዬ 4 ቶን ትመዝናለች፤ በውሃው መስመር ላይ ርዝመቷ 7 ሜትር ነው። ባለ 18 ፈረስ ጉልበቱን ሞተር በባለ 35 ብተካው ምን ያህል ፍጥነት እጨምራለሁ?

መልስ፦ እዚህ ግባ የሚባል ፍጥነት አይጨምሩም። እንዲህ ያለችው ጀልባ የፍጥነቷ ወሰን በኖት (በሰዓት የሚኬድ የባሕር ማይል) የሚገኘው የውሃ መስመሯን ርዝመት በሜትር ወስዶ፣ ስኩዌር ሩቱን በ2.43 በማባዛት ነው፤ የእርስዎም 6.4 ኖት ገደማ ይሆናል። ባሕሩ ጸጥ ባለ ጊዜ 18 ፈረስ ጉልበት ወደዚያ ያደርሳታል፤ ትርፉ ጉልበት የሚውለው ኋላዋን ወደ ውሃው ለመቅበር ነው።

ጥያቄ፦ አቶሚክ 4 የተባለ የቤንዚን ሞተር በርካሽ ቀርቦልኛል። ከናፍጣ ወደ ቤንዚን ብመለስ ችግር አለው?

መልስ፦ ባለ አራት ሲሊንደሩ አቶሚክ 4 ጸጥተኛና ታጋሽ ሞተር ነው፤ ችግሩ ያለው ነዳጁ ላይ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በጀልባዋ ወለል ሥር ተጠራቅሞ ብልጭታ ይጠብቃል። ታንኩን፣ ቱቦውንና የአየር ማራገቢያውን ሁሉ ለቤንዚን እንዲስማሙ አድርገው ለመለወጥ ካልቆረጡ በናፍጣው ይጽኑ።

ጥያቄ፦ ጀልባዋ የብስ ላይ ሳለች የሞተሩንና የዘንጉን ፍላንጆች (ሁለቱን የሚያገናኙትን ክብ የብረት ሳህኖች) አስተካክለን አሰርን፤ ውሃ ላይ ስትወርድ ግን ትንቀጠቀጣለች። ለምን?

መልስ፦ የብስ ላይ በድጋፍ የቆመች ጀልባ ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ ቅርጿ በጥቂቱ ስለሚለወጥ ነው። አንድ ሁለት ቀን ከተንሳፈፈች በኋላ ቡሎኖቹን ፈትታችሁ ሁለቱን ፍላንጆች ያቀራርቡና ክፍተቱን ዙሪያውን በፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት በሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች) ይለኩ። ስፋቱ 100 ሚሊሜትር በሆነ ፍላንጅ ላይ ከ0.1 ሚሊሜትር የበለጠ ልዩነት ሊኖር አይገባም።

ጥያቄ፦ አዲስ የገጠምነው አሮጌ ሞተር አልነሣ ብሎን ሞተሪኖውን ደጋግመን አዞርነው። በመጨረሻ ድርቅ ብሎ ቀረ። ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ምናልባት ሲሊንደሩ ውሃ ጠጥቶ ይሆናል። ሞተሪኖው ሲዞር የባሕር ውሃ ፓምፑም አብሮ ይሠራል፤ ሞተሩ ግን ስላልተነሣ ውሃውን የሚገፋ ጭስ የለም። ስለዚህ ውሃው ማርሚታውን ሞልቶ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። ውሃ አይታመቅምና በጉልበት ከቀጠላችሁ የፒስተኑ ክንድ ሊታጠፍ ይችላል። ማርሚታውን አፍስሱ፤ ኢንጀክተሮቹን አውጥታችሁ ሞተሩን በእጅ በማዞር ውሃውን አስወጡ፤ ዘይቱን ለውጡ፤ ከዚያም በዚያው ቀን አስነሥታችሁ አሙቁትና ዘይቱን እንደገና ለውጡ። ካደረ ዝገቱ ሥራውን ይጀምራል። ከእንግዲህ ሞተሩ ቶሎ አልነሣ ሲል የባሕር ውሃ ማስገቢያውን ዘግታችሁ ሞክሩ፤ እንደ ተነሣ ግን ወዲያውኑ ክፈቱት።