ጎጃም ውስጥ ሙዚቃ ለማሳተም ለተነሳችሁ

ልጆች፣ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ጊታርና ክራር አጩሃችሁ የምትጫወቱ ሁሉ፣ የራሳችሁን አሳታሚ ልታቋቁሙ ካሰባችሁ ከማይክ በፊት ደብተር ግዙ።

ዲስኮርድ የተባለው የዋሽንግተን የፓንክ (ፈጣንና ጩኸታም ሮክ) አሳታሚ በ1980 እ.ኤ.አ. ሲጀምር፣ ቲን አይድልስ የተባለው ባንድ ከመድረክ ባጠራቀመው ገንዘብ 1,000 ሸክላ አሳተመ። ልባሱን ልጆቹ ራሳቸው ቆርጠውና አጥፈው በሙጫ አጣበቁት። ሸክላው ሲወጣ ግን ባንዱ ፈርሶ ነበር። ባንድ ይፈርሳል፤ ሒሳቡ ግን አብሮት መፍረስ የለበትም።

ስለዚህ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ማን ምን እንደተጫወተ፣ ለቀረጻው ማን እንደከፈለ ከቀረጻ በፊት ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው፣ የከዋኙና የድምፅ ቅጂውን ያዘጋጀው ሰው መብት የተለያየ ነው። ክፍያው ቀላል ይሁን፦ ወጪው 30,000 ብር ሆኖ 45,000 ከገባ፣ መጀመሪያ ወጪው ይመለስ፤ ከቀረው 15,000 ግማሹ ለአሳታሚው፣ ግማሹ ለባንዱ። አራት ከሆናችሁ ለእያንዳንዳችሁ 1,875 ይደርሳችኋል። ትንሽ ነው፤ ግን አያጣላም።

ስትቀርጹ የመቅረጫው ጥራት 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ቢሆን ይበቃል። ከፍተኛው ድምፅ በመቅረጫው መለኪያ ከ−10 ዴሲቤል አይለፍ። ጊታሩን ማሻከር በአምፕሊፋየሩ ነው፤ መቅረጫው ላይ ቀይ ከበራ የተቆረጠው ድምፅ አይመለስም። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን እምም የሚል ድምፅ ከገባ ነቅላችሁ በባትሪ ቅረጹ። ለማሲንቆ ማይኩን ከቆዳው 40 ሳንቲሜትር ያህል አርቁት፤ ከተጠጋ የጭራው መፋቅ ዜማውን ይሸፍነዋል።

ድምፃዊው ላይ ግን አትቸኩሉ። የውጭው ፓንክ ቃሉን በጊታር ቢሸፍነው ይቻለዋል፤ ጎጃም ግን የቅኔ አገር ነው፣ አድማጩ ወርቁን ይጠብቃል። «ዋና» ላልቶና ጠብቆ ሁለት ነገር ነው። እንደ ት፣ ቅ፣ ጥ ያሉ ፊደላት ሲጠብቁ ደግሞ የሚለዩት ከመፈንዳታቸው በፊት ባለችው አጭር ዝምታ ነው። ኮምፕሬሰር (ጮክ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው መሣሪያ) ሲበዛና ጊታሩ ሲያጓራ ያቺ ዝምታ ትሞላለች፤ ሰሙም ወርቁም ይጠፋል። ድምፃዊው ሲገባ ጊታሩን በ3 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት፤ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን የጊታሩን ድምፅም ቀንሱለት። ከዚያ ግጥሙን ለማያውቅ ሰው በስልክ ስፒከር አሰሙት። የሰማውን መልሶ መናገር ካልቻለ ገና ነው።

ጊዜውንም ምረጡ። በዐቢይ ጾም ኮንሰርት ብትጠሩ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ከ55ቱ ቀን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለቀረጻና ለሚክስ (ድምፆቹን ለማዋሃድ) አውሏቸው። ያኔ የቆርቆሮ ጣሪያውም እንደ ክረምቱ በዝናብ አይደበደብም። ለፋሲካ ማግስት ልቀቁት፤ ፋይሉን ለኢንተርኔት አከፋፋይ የምትልኩት ግን ከአራት ሳምንት በፊት ይሁን። የእያንዳንዱን መሣሪያና ድምፅ ለየብቻ የተቀረጸ ዋቭ (ያልታመቀ) ፋይል በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጡ፤ ያለቀውን ዘፈን በኤምፒ3 ብቻ ይዞ የቀረ ባንድ እንደገና ሚክስ ማድረግ አይችልም። በር ላይ ቲኬት ስትቆርጡ ጉርዱን አትጣሉ፤ ማታውኑ ከገንዘቡ ጋር ሁለት ሰው ሆናችሁ ቁጠሩት።