መልስ፦ ኤክሴል ላይ ፎርሙላውን ወደ ታች ስጎትተው ለምን ዜሮ ይሆንብኛል?

ወንድሜ፣ ፎርሙላህ ችግር የለበትም። ሲ2 ሴል (ሳጥን) ላይ =ቢ2*ኢ1 (በእንግሊዝኛ ፊደል =B2*E1) ብለህ ስትጎትተው ከታች ያሉት ዜሮ የሆኑት ኤክሴል የሴልን አድራሻ (እንደ ቢ2 ያለውን ስም) የሚይዘው በርቀት ስለሆነ ነው። ለእሱ ቢ2 ማለት «ከእኔ በስተግራ ያለው ሴል» ነው። አንድ ረድፍ ስትወርድ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፤ =ቢ3*ኢ2 ይሆናል። ኢ2 ደግሞ ባዶ ነው፤ ባዶ ሴል ሲባዛ እንደ ዜሮ ይቆጠራል።

ስለዚህ ኢ1ን በዶላር ምልክት ቆልፈው፦ =ቢ2*$ኢ$1። ከፊደሉ በፊት ያለው ዶላር ዓምዱን፣ ከቁጥሩ በፊት ያለው ረድፉን ይይዛል። የምትጎትተው ወደ ታች ብቻ ከሆነ ኢ$1 ራሱ ይበቃሃል። በእጅ መጻፍ ከሰለቸህ ጠቋሚውን ፎርሙላው ውስጥ ባለው ኢ1 ላይ አድርገህ ኤፍ4ን ተጫን። ቢ2ን ግን እንዳትቆልፈው! ከቆለፍከው ሁሉም ረድፍ ላይ ያው አንድ ውጤት ይደጋገምብሃል።