ስለ ካላዛሩ አዲስ ክኒን ጠይቁኝ

ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ) የሚታከምበት ክፍል ውስጥ ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ፋርማኮሎጂ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ገና በሙከራ ላይ ስላለው የካላዛር ክኒን፣ «ኤልኤክስኢ 408»፣ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። በአንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ይሄ ስም ነው? የመኪና ታርጋ አይመስልም?

ይመስላል 😄። ገና መድኃኒት ስላልሆነ ነው። በሙከራ ላይ እያለ በኮድ ይጠራል፣ ክርስትና የሚነሳው በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ መርፌው ያድን የለ እንዴ? አዲስ ለምን አስፈለገ?

ያድናል። ግን እንዴት እንደሚያድን አይቼዋለሁ። እኛ አገር የተለመደው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን አንድ ላይ ነው፤ በቀን ሁለት መርፌ፣ ለ17 ቀን። 34 መርፌ ማለት ነው። አሥረኛው ቀን ላይ ምሳቸውን ቆመው የሚበሉ ነበሩ። አንድ ከሰሊጥ አጨዳ የመጣ ልጅ ትዝ ይለኛል፤ ስሪንጁን ይዤ ስገባ ምንም ሳይናገር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቀበቶውን ይፈታ ነበር። ስቲቦግሉኮኔቱ ደግሞ ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ይጎዳል፤ ኤችአይቪ ላለበት ሰውማ ጭራሽ አደገኛ ነው። ክኒን ቢሆን ስንቱ ነገር በቀለለ።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚሠራው? ቀለል አርገህ።

ተውሳኩ ውስጥ ያረጀና የተበላሸ ፕሮቲን የሚፈጭ ወፍጮ አለ፣ ፕሮቲያዞም ይባላል። እሱ ከቆመ ተውሳኩ የራሱን ቆሻሻ ማስወገድ አቅቶት ይሞታል። የእኛም ሴል ያው ወፍጮ ስላለው ዋናው ጣጣ የእኛን ሳይነኩ የተውሳኩን ብቻ ማቆም ነው። የስዊዘርላንዱ መድኃኒት አምራች የኖቫርቲስ ተመራማሪዎች 3 ሚሊዮን ውህድ አበጥረው አንድ ፍንጭ አገኙ፤ ከዚያ እሱኑ እየቆረጡ እየቀጠሉ 3 ሺህ ገደማ ሌላ ውህድ ሠሩ። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታተመ። ኤልኤክስኢ 408 የዚያ ቤተሰብ ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ በቃ መድኃኒት ተገኘ በለና!

ቀስ። ፌክሲኒዳዞል የሚባል ክኒን ነበር። ሱዳን ውስጥ ለካላዛር ሲሞከር በሽተኞቹ መጀመሪያ ተሻላቸው፣ ሁላችንም ተስፋ አደረግን፣ ከዚያ በሽታው ተመለሰባቸውና ሙከራው ቆመ። ያው ክኒን በጼጼ ዝንብ ለሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ግን ሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ይሁንታ አግኝቷል። ኤልኤክስኢ 408 በጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ ተሞክሮ አልፏል፤ በሽተኞች ላይ የሚደረገው ሁለተኛው ደረጃ ህንድና እኛ አገር ነው፣ ከኖቫርቲስ ጋር ዲኤንዲአይ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አለበት። ሰው ላይ መሞከር ከሚጀመሩት ውህዶች እስከ መጨረሻው የሚደርሰው ከአሥር አንዱ ገደማ ነው፣ እንግዲህ አስቡት።

ጥያቄ፦ የሙከራ አይጥ እያደረጉን አይደለም ታዲያ?

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ እኔም ድሮ እንደዚህ አስብ ነበር። ግን በሽታው ያለው እኛ ጋ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ማን ላይ ይሞክሩት? ካላዛር ካልታከመ ስለሚገድል ደግሞ ባዶ ክኒን ሰጥቶ ሰው ማስጠበቅ የለም። እኔ የምጨቃጨቀው ፈቃዱ ላይ ነው። ማንበብ የማይችል የቀን ሠራተኛ በራሱ ቋንቋ፣ ምስክር ባለበት፣ «ብተወውም ያው እታከማለሁ» ብሎ እስኪገባው ድረስ ሊነገረው ይገባል። ጣቱን ቀለም አስነክቶ ማለፍ ፈቃድ አይባልም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት፣ ወንድሜ መተማ ታሟል። ገዝቼ ልላክለት?

የትም አይሸጥም። በዚህ ስም የሚሸጥልሽ ካለ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፣ ብርሽን እንዳትበዪ። ወንድምሽ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳና በግራ በኩል ጣፊያው ካበጠ፣ ዛሬውኑ ይመርመር፤ ከጣት ደም ወስደው የሚያዩበት ምርመራ አለ። ወደ አዲስ አበባ ከመጣ ደግሞ ገና ሲገባ «መተማ ነበርኩ» ይበላቸው። ካላዛር ካለበት አካባቢ መምጣቱን ካልነገራቸው ታይፎይድ ነው ብለው ሊመልሱት ይችላሉ።