ትርጉሙ ይቆየን

አርኪዮሎጂ ተምራችሁ መስክ ልትወጡ ለተዘጋጃችሁ ልጆቼ፣

አለት ላይ የተቀረጸ ጥንታዊ ነገር ስታዩ ቀድማ አፋችሁ ላይ የምትመጣውን ጥያቄ አውቃታለሁ። «ምን ማለት ነው?» እሷን እባካችሁ መጨረሻ ላይ አድርጓት።

ጋቦን ውስጥ ሎፔ ኦካንዳ የሚባል ቦታ አለ። የኦጎዌ ወንዝ የሚያልፍበት፣ የዝናብ ደንና ሣር ሜዳ የተቀላቀሉበት ምድር ነው። ወደ 1,800 የሚጠጉ ቅርጾች ተመዝግበውበታል፤ ዩኔስኮም በ2007 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተቀብሎታል። አንዱ ክብ በሌላው ውስጥ የገባባቸው ቅርጾች አሉ፤ እንሽላሊት የሚመስሉም አይጠፉም። ክቡ ፀሐይ ነው? ውኃ ነው? በግምት ብቻ መጽሐፍ መሙላት ይቻላል። ማን ከልካይ አለ!

እኔ ግን ጠጋ ብላችሁ ነጥቦቹን እዩ እላለሁ። ቅርጾቹ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የተወቀሩ ናቸው፤ ትንንሽ ጉድጓዶች ጎን ለጎን። የተወቀሩት በብረት መሣሪያ እንደሆነ ይታመናል። እንግዲህ ብረት ማቅለጥ ከመታወቁ በፊት አልተሠሩም ማለት ነው። አያችሁ፣ ትርጉሙን ሳንነካ ዕድሜው ጠበበልን። የአለት ቅርጽ ዕድሜ በካርቦን አይለካም፣ የከሰል ግን ይለካል። ስለዚህ ዓይናችሁን ከአለቱ አንሡና ዙሪያውን አመድ፣ የሸክላ ስባሪ፣ ብረት ሲቀለጥ የሚቀር ዝቃጭ ፈልጉ። የኦጎዌ ሸለቆ የባንቱ ሕዝቦች የፍልሰት መንገድ እንደነበር የሚጠቁሙት እንዲህ ያሉ ቅሪቶች ናቸው።

ትርጉም ያስቸኮላቸው ሰዎች የት ደረሱ? ፔሩ፣ ማኑ ደን ውስጥ ያለውን የፑሻሮን ቅርጽ «የወርቅ ከተማዋ የፓይቲቲ ካርታ ነው» ያሉ ነበሩ። ከተማዋ እስካሁን የለችም።

እኛም አገር ዲላ አካባቢ ገደል ላይ የተቀረጹ ላሞች አሉ። ቀንዳቸውንና ጡታቸውን አስተውሉ፤ ቀራጩ ከብት የሚያውቅ ሰው ነበር። ግን መጀመሪያ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሰላም በሉ፣ አስፈቅዱ። ቅርጹ ጎልቶ እንዲታይ ብላችሁ ጠመኔ አትቀቡ፣ ውኃ አትርጩ፣ የድንጋዩን ሽበት፣ ማለትም በዘመን ብዛት የለበሰውን ቆዳ፣ አትፋቁ። ማለዳ ሂዱ፤ በጎን የሚመታ ብርሃን ሁሉን ያወጣዋል። ካልሆነም ባትሪ ከጎን አብሩበት።

ፎቶውን ቲክቶክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ የስልካችሁን ሎኬሽን አጥፉ። መሮ ይዞ የሚሄድ አይጠፋም።