የገጾችን ስም ሳይቀይሩ ኢንክሉድ ማሠራት

ሰላም ወንድሜ። ሜኑውን በአንድ ፋይል አስቀምጠህ በኢንክሉድ፣ ማለትም ሰርቨሩ ሌላ ፋይልን ገጹ ውስጥ እንዲያስገባ በሚያዝ መስመር፣ በየገጹ ልትጠራው ፈለግህ፤ ቦታው ግን ባዶ ሆኖ ይታያል። የገጾቹን መጨረሻ ከኤችቲኤምኤል ወደ ኤስኤችቲኤምኤል መቀየርም አትፈልግም። ልክ ነህ፣ ስማቸውን አትንካ። ሰዎች የተላላኩት ሊንክ ሁሉ ይበላሻል።

መጀመሪያ ብራውዘር ላይ የገጹን ሶርስ እይ። የኢንክሉዱ መስመር እንደጻፍከው ካለ ሰርቨሩ አላነበበውም ማለት ነው። መስመሩ የኮሜንት መልክ ስላለው ብራውዘሩ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ የስህተት መልእክት የማታየው ለዚህ ነው። ፋይሉን ከኮምፒውተርህ በደብል ክሊክ ከከፈትከው ደግሞ መቼም አይሠራም።

ገጾችህን የሚልከው የሰርቨር ሶፍትዌር አፓቼ ከሆነ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ኦፕሽንስ በሚለው መስመር ኢንክሉድስን በፕላስ ምልክት ትጨምራለህ። ይሄ ፈቃድ ብቻ ነው። የትኞቹ ፋይሎች ይነበቡ የሚለውን ለብቻው ትነግረዋለህ፤ ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። በኤችቲአክሰስ፣ ማለትም በሳይትህ ፎልደር ውስጥ በሚቀመጠው የአፓቼ ማስተካከያ ፋይል፣ ስትሞክረው 500 የሚል ስህተት ከመጣ ሆስቲንጉ አልፈቀደልህ ይሆናል፤ ጠይቃቸው።

ሜኑው በሁሉም ገጽ የሚገባ ከሆነ አድአውትፑትፊልተር በሚለው ትእዛዝ ኤችቲኤምኤልን በሙሉ አስነብብ። በጥቂት ገጾች ብቻ ከሆነ ግን እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ኤክስቢትሃክ የሚባለውን የአፓቼ ትእዛዝ ነው። ይሄን ኦን ስታደርገው ሰርቨሩ የሚያነበው የኤክሰኪዩት (ፋይልን የማስኬድ) ፈቃድ የሰጠሃቸውን ገጾች ብቻ ነው። ሌላው እንደወትሮው በፍጥነት ይሄዳል። ፋይሉን አጥፍተህ እንደገና ስትጭን ፈቃዱ ሊጠፋ ስለሚችል ሜኑው ድንገት ከጠፋ መጀመሪያ እሱን እይ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ኢንክሉድ ያለበት ገጽ በተለመደው አሠራር መቼ እንደተሻሻለ ለብራውዘሩ አይነግርም። ስለዚህ ያልተቀየረ ገጽ እንኳ እንደገና ሊወርድ ይችላል። ዳታ በብር ለሚገዛ አንባቢ ይሄ ያሳዝነኛል። ኤክስቢትሃክን ፉል አድርገህ ለፋይሉ ግሩፕም የኤክሰኪዩት ፈቃድ ከሰጠህ የተሻሻለበት ቀን ይላካል። ቀኑ ግን የገጹ እንጂ የሜኑው አይደለም። ሜኑውን ስትቀይር የገጾቹንም ቀን አድስ፤ አለዚያ አንባቢው አሮጌውን ሜኑ ሊያይ ይችላል።

ሌላ ሰውም ፋይል የሚጭንበት ሳይት ከሆነ በኢንክሉድስ ፈንታ ኢንክሉድስኖኤክሰክን ተጠቀም። በገጽ ውስጥ ተጽፎ ሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ ማስኬድን ይከለክላል። ሰርቨርህ አፓቼ ሳይሆን ኤንጂንኤክስ ከሆነ ኤስኤስአይ (የሰርቨር ኢንክሉድ) ኦን የምትል አንድ መስመር ይበቃል።

የኢንክሉዱን መስመር ስትጽፍ በሰረዞቹና በሃሹ መካከል ክፍተት አታስገባ። በመስመሩ ውስጥ ፋይል ከሚለው ቃል ይልቅ ቨርቹዋል የሚለውን ተጠቀም፤ ፋይል የሚለው ወደ ላይኛው ፎልደር አይወጣም፣ ቨርቹዋል ግን ከሳይቱ ሥር ጀምሮ መንገዱን ይቀበላል።