ለትንሽ የወንዝ ኃይል ማመንጫ የአካባቢ ሰርተፍኬት፦ ማሽኑን ቀድመህ እንዳታዝ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ወንዟ ትንሽ ናት፣ የማመነጨው ከ100 ኪሎዋት በታች ነው፣ የአካባቢ ሰርተፍኬትና የማመንጨት ፈቃድ አንድ ናቸው ወይ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅስ ማሽኑን ልዘዝ ወይ ነው ያልከው። አንድ አይደሉም። ማሽኑን ደግሞ እንዳትሞክራት። ከላይ "እዘዝ ባክህ፣ ወረቀት መቼ ያልቃል" ያለህ ልጅ ማሽን አዞ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ አዝዣለሁ፣ ስለዚህ ቢረዝምም ታገሰኝ።

1. ወረቀቶቹ ቢያንስ ሶስት ናቸው። ውሃውን ከወንዙ ለመጥለፍ አንድ፣ ለአካባቢ አንድ፣ ለማመንጨት አንድ፣ ኃይሉን ለግሪድ የምትሸጥ ከሆነ አራተኛም አለ። ስማቸውና ቅደም ተከተላቸው እንደየአገሩ ይለያያል፣ አንድ የማይለየው ነገር ቢኖር እያንዳንዱ መስኮት የሌላውን ወረቀት ቀድመህ አምጣ ማለቱ ነው። እኔ በሁለት ቢሮ መሃል አራት ወር ተንገላትቻለሁ፣ እዚህ ስሄድ እዚያ ጨርስ፣ እዚያ ስሄድ እዚህ ጨርስ። መጨረሻ ላይ ያወጣኝ አንዲት ፀሀፊ ሹክ ያለችኝ ነገር ነው፦ ፈቃዱን ስጡኝ አትበል፣ "መዝገቡ ገብቶ እየታየ ነው" የሚል ደብዳቤ ስጡኝ በል። ደብዳቤዋን ይዤ ሌላኛው ቢሮ ስሄድ ፋይሌን ተቀበሉኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር፣ ግን ማን ይነግርሃል።

2. ውሃውን አመት ሙሉ ለካ። አንድ ቀን ብቻ ለክተህ እንዳትሄድ። የኔ ጣጣ የጀመረው እዚህ ጋ ስለሆነ በደንብ ልንገርህ።

እኔ የለካሁት ዝናብ ባቆመ በወሩ ነው። ወንዙ ሳይጠማዘዝ የሚፈስበት ቦታ መርጬ፣ ተንሳፋፊ ለቅቄ፣ ሰአት ይዤ፣ የላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ፍጥነቱን በ0.85፣ ከዛም በውሃው ስፋትና ጥልቀት አባዝቼ በሰከንድ 520 ሊትር አገኘሁ። የከፍታ ልዩነቱ 20 ሜትር ነው። ለትንንሽ ማሽን ስሌቱን ታውቃለህ፣ ፍሰቱን በኪዩቢክ ሜትር በከፍታው ታባዛና በ7 ትመታዋለህ (9.81 ነው ትክክለኛው ቁጥር፣ ብክነቱ ሲቀነስ ወደ 7 ይወርዳል)። 120 ሊትር ለወንዙ ትቼ በ400 ሊትር አሰላሁና 56 ኪሎዋት ወጣልኝ። እንደውም ቸር ነኝ ብዬ ነበር! ለወንዙ ማን ይተዋል፣ ሌላው ሰው ጠርጎ ነው የሚወስደው ብዬ ለጓደኞቼ ስፎክር ነበር። ከዛ ፋብሪካው ቅናሽ አለ ሲለኝ በ400 ሊትር የተሰራ አንድ ፍራንሲስ የሚባል አይነት ተርባይን (ውሃው የሚያሽከረክረው ማሽን) ቀብድ ከፈልኩ። የሰርተፍኬት ማመልከቻዬ ገና አልገባም፣ የአካባቢ ሪፖርቱን የሚፅፍልኝ ኮንሰልታንት "ይሄ ፎርማሊቲ ነው" ብሎኛል፣ እኔም አምኜዋለሁ።

ኮንሰልታንቱ ደግሞ ምን አደረገ፣ ሪፖርቱ ላይ "ወንዙ ውስጥ ዓሳ የለም" ብሎ ፃፈ። ሄዶ አላየም፣ ከሌላ ሪፖርት ገልብጦ ነው። ባለሙያዎቹ ለመስክ ጉብኝት ሲመጡ አንደኛው ቦት ጫማውን አጥልቆ መረብ ይዞ ገባና ግማሽ ሰአት ሳይሞላ ጣት የሚያካክሉ ዓሶች በባልዲ ይዞ ወጣ። ባልዲውን ፊቴ አስቀምጦ "እነዚህስ ምንድን ናቸው?" አለኝ። ከዛ በኋላ የፃፍኩትን ቁጥር አንዱንም አላመኑኝም፣ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በናትህ የማታውቀውን "የለም" ብለህ እንዳትፅፍ፣ "በዚህ ወር በዚህ ቦታ አይተን አላገኘንም" በል፣ ያውም ካየህ።

ባልዲውን ያስቀመጠው ሰውዬ ግን ባለጌ ነበር፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ቢሮው ስገባ ቀና ብሎ አያየኝም፣ ስልኩን እየነካካ "የበጋውን ፍሰት አምጣ" ብቻ። የለካሁት አለ ስለው "እሱማ የክረምት ትራፊ ነው" ብሎ ፋይሉን በጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፋው፣ ወረቀቶቹ መሬት ተበተኑ፣ አጎንብሼ ለቀምኩ፣ አላገዘኝም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም። ነገር ግን ሰውዬው ልክ ነበር፣ ያቃጠለኝም እሱ ነው።

እሺ ብዬ ወንዙ ዳር ሜትር የተሰመረበት እንጨት ተክዬ በየቀኑ የውሃውን ከፍታ መመዝገብ ጀመርኩ፣ በወር አንዴ ደግሞ በሰው አስለካሁ። ድንጋይና ፏፏቴ የበዛበት ወንዝ ከሆነ ተንሳፋፊውን ተወው፣ ጨው አሟምቶ ከላይ አፍስሶ ከታች በመሳሪያ የሚለካው ዘዴ ይሻላል፣ ቢሮም አይከራከርህም። በጋው መሃል ፍሰቱ ወደ 210 ሊትር ወረደ። 520 ያልኳት ወንዝ!

አሁን ሂሳቡን ተመልከት። የአመቱ አማካይ 400 ሊትር አካባቢ ወጣ። ኮንሰልታንቱ በጋ ላይ ለወንዙ የሚለቀቀውን 10 በመቶ፣ 40 ሊትር ብሎ አስገብቶልኝ ነበር። ቢሮው 30 በመቶ አለ፣ 120 ሊትር፣ ክረምት ከበጋ ሳይቋረጥ። ቁጥሩን ከኪሳቸው አላመጡትም፣ ቴናንት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው መለኪያ ነው፣ በሱ አባባል ከአማካዩ 10 በመቶው ፍጥረቱ ለአጭር ጊዜ ነፍሱን የሚያቆይበት ነው፣ 30 በመቶው ደህና የሚኖርበት። ኮንሰልታንቴ ይህን ያውቃል፣ የታችኛውን የመረጠው እኔን ለማስደሰት ነው። ከመጥለፊያው እስከ ማሽን ቤቱ ያለው 700 ሜትር ላይ ውሃው ይጎድላል፣ እዚያ መሃል ደግሞ ከብት የሚያጠጡም አትክልት የሚያለሙም ሰዎች አሉ፣ ማንም 10 በመቶ አይፈቅድልህም።

210 ሲቀነስ 120፣ 90 ሊትር ቀረኝ። ፍራንሲስ ደግሞ ከዲዛይን ፍሰቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ጉልበቱ ይሰበራል፣ 90 ሊትር ለኔ ማሽን ሩብም አይሞላም። ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል፣ የሚያወጣው የለም። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ለሁለት የተከፈለ ክሮስፍሎው የሚባለውን ሌላ አይነት ተርባይን አዝ ነበር፣ ትንሿ ክፍል ብቻዋን ትሰራለች፣ ውሃ ሲበዛ ትልቋ ትከፈታለች። ፋብሪካውን ለውጡልኝ ብል ማሽኑ አልቋል አሉኝ። ምን አለፋህ፣ አሁን ፍራንሲሱ ክረምት ክረምት ብቻ ይሰራል፣ ለበጋ ሌላ ትንሽ ክሮስፍሎው ጎኑ አስተከልኩ፣ እሷ 12 ኪሎዋት ገደማ ትሰጠኛለች። ማሽን ቤቱንም አፍርሼ አስፍቻለሁ፣ ቧንቧውንም ለሁለት ከፍያለሁ። ወጪውን ባለቤቴ እንዳታነብ እዚህ አልፅፍም።

3. የአካባቢ ፍሰቱን፣ ማለትም ለወንዙ የሚተወውን ውሃ፣ በበር እንዳትለቅ። ይሄ የኔ ኩራት ስለሆነ ስማኝ። ብዙ ሰው ክትሩ ላይ በእጅ የሚከፈት በር ያደርጋል፣ ቢሮው ደግሞ ሌሊት ሌሊት ትዘጋዋለህ ብሎ አያምንህም (የሚዘጉም አሉ፣ አንዋሽ)። እኔ በር የሚባል ነገር አላደረግኩም፣ ኮንክሪቱ ላይ ቋሚ ክፍተት ተውኩ፣ ስሩ ከውሃ መግቢያዬ ከንፈር ዝቅ ያለ። ስለዚህ ወንዙ መጀመሪያ ድርሻውን ይወስዳል፣ ውሃው ከፍ ሲል ነው ለኔ የሚደርሰኝ፣ ልስረቅ ብልም አልችልም። ጎኑ ላይ 120 ሊትር የሚያልፍበትን ከፍታ በቀይ ቀለም አሰመርኩ፣ ማንም መጥቶ በአይኑ ያያል። ያ ባለጌ ሰውዬ ሲያያት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። በኋላ ሰማሁ፣ ፎቶዋን ለሌሎች አመልካቾች እንደ ምሳሌ ያሳያሉ አሉ፣ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ቅጠል ይደፍናታል ብቻ፣ በየቀኑ መጥረግ አለብህ፣ የጠረግክበትንም መዝግብ ምክንያቱም ፈቃዱ ሲታደስ መዝገቡን ይጠይቁሃል።

4. አንድ ቁጥር ተጠቀም። የአካባቢው ሰርተፍኬት ላይ 56 ኪሎዋት ተፃፈልኝ፣ ጀነሬተሩ ላይ የተለጠፈው 75 ኬቪኤ ነው፣ ኬቪኤ ደግሞ ኪሎዋት አይደለም፣ በፓወር ፋክተሩ (ወደ ስራ የሚለወጠው ድርሻ) በ0.8 ሲባዛ 60 ኪሎዋት ማለት ነው፣ እኔ የማመንጨት ፈቃድ ፎርሙ ላይ 75 ብዬ ሞላሁ። የማመንጨት ፈቃድ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ሶስቱን ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ ዘርግታ "ሶስት ፕሮጀክት ነው ያለህ?" አለችኝና መለሰችው። ለዚህች ብቻ ስድስት ሳምንት ሄደ፣ ማስተካከያ ደብዳቤ ከዚህ፣ ማረጋገጫ ከዚያ፣ ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል፣ ነገ ተመለስ።

5 ላይ ስለ ዓሳ መከላከያ ወንፊትና ስለ ደለል ልፅፍ ነበር። በአጭሩ ወንፊቱ ሰፊ ይሁን ውሃው ፊቱ ላይ እንዲዘገይ፣ ዓሳው ተጣብቆ እንዳይቀር፣ ደለሉንም ወንዙ ሞልቶ ሲደፈርስ እጠብ እንጂ በጋ ላይ እንዳትለቀው፣ እኛ ዘንድ አንድ ሰው በጋ ላይ ለቆ ታች ያሉት ሰዎች ውሃ ጭቃ ሆኖባቸው ከሰውት ነበር።

አንድ ልጅ ስለ አረንጓዴ ሰርተፍኬት (ማመንጫው ወንዙን ብዙ አይጎዳም የሚል ምስክር ወረቀት) አንስቷል፣ እሱ ሌላ ነው። በፈቃደኝነት የሚወሰድ ነው፣ የመንግስትን ፈቃድ አይተካም። አሜሪካ ያለው ሎው ኢምፓክት ሃይድሮፓወር ኢንስቲትዩት ለምሳሌ በ8 መስፈርት ነው የሚመዝነው፣ የወንዙ ፍሰት፣ የውሃ ጥራት፣ ዓሳ ሽቅብ መውጣቱ፣ ቁልቁል መውረዱ፣ የተፋሰስና የዳርቻ ጥበቃ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች፣ ቅርስ፣ መዝናኛ። ባታመለክትም ስምንቱን ወረቀት ላይ ፅፈህ ወንዝህ ዳር ቁጭ ብለህ ለያንዳንዱ መልስ ፃፍ፣ ቢሮ ከሚጠይቅህ አብዛኛው እዚያ ውስጥ አለ። እኔ ይህን ያደረግኩት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ቀብድ ከፍለህ እንደሆነ አልነገርከንም፣ ጥያቄህ ግን የከፈለ ሰው ጥያቄ ይመስላል። ከፍለህ ከሆነ ነገ ጠዋት ፋብሪካው ጋ ደውልና ራነሩ (ተርባይኑ ውስጥ ውሃው የሚያሽከረክረው ጎማ) ተቆርጦ እንደሆነ ጠይቅ፣ ካልተቆረጠ የዲዛይን ፍሰቱን መቀየር ይቻላል። እኔ የደወልኩት ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው።